ናይትሮጅን፦ ከገዳመ አስቄጥስ እስከ ጂንካ

ስንክሳር ሲነበብ ያደመጠ ሰው «ገዳመ አስቄጥስ» የሚለውን ስም ያውቀዋል። አባ መቃርስ የመነነበት፣ ዮሐንስ ሐጺር የተጋደለበት የግብጽ በረሃ ነው። ዓረቦች ያንኑ ሸለቆ ዋዲ ናጥሩን ይሉታል። ናጥሩን በሸለቆው ሐይቆች ዳር ውሃው ሲተን የሚቀር ነጭ ጨው ነው፤ የጥንት ግብጻውያን ይታጠቡበት፣ ሬሳም ያደርቁበት ነበር። ስሙ ከእነሱ ወደ ዕብራይስጥ ገብቶ «ኔቴር»፣ ወደ ግሪክ ተሻግሮ «ኒትሮን» ሆነ።

ናይትሮጅን የሚለው ቃል የዚህ ጨው የልጅ ልጅ ነው። ቃሉ እንጂ ጋዙ አይደለም፤ ናጥሩን ሶዲየም ካርቦኔት ስለሆነ አንዲት የናይትሮጅን ቅንጣት የለበትም። የሆነው እንዲህ ነው፦ የግሪኩ ስም በዘመናት ብዛት ከናጥሩን ወደ ሌላ ጨው፣ ባሩድ ወደሚሠራበት ወደ ፖታሲየም ናይትሬት ተዛወረ። በ1790 እ.ኤ.አ. ዣን አንትዋን ሻፕታል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ጋዙ የዚያ ሁለተኛው ጨው መገኛ መሆኑን አይቶ «ናይትሮዤን» አለው፤ ኒትሮን የሚያስገኝ ማለት ነው። የመጀመሪያው ጨው ስምም አልጠፋም። የሶዲየም ላቲንኛ ስም ናትሪየም ከእሱ የወጣ ነው፤ ተማሪ በኬሚስትሪ ደብተሩ ሶዲየምን በምልክት ሲጽፍ የአስቄጥስን ጨው ስም እየጻፈ ነው።

ከሻፕታል በፊት ጋዙ ሌላ ስም ነበረው። ዳንኤል ራዘርፎርድ በ1772 ኤዲንብራ ላይ ለይቶ ሲያወጣው እንስሳ የማይተነፍሰው፣ ሻማ የማይነድበት አየር ሆኖ ስላገኘው «ጎጂ አየር» አለው። ላቮዋዚዬ ደግሞ «አዞት» ብሎ ሰየመው፤ በግሪክ «ዞኢ» ሕይወት ነውና ሕይወት አልባ ማለት ነው። ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚሁ ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉ እሱ ሆኖ ሳለ ሕይወት አልባ መባሉ ይገርማል።

ወደ ፈሳሽነት የተለወጠው በ1883 ነው፤ ክራኮው ላይ ቭሩብሌቭስኪና ኦልሼቭስኪ የተባሉ ሁለት ፖላንዳውያን ሊቃውንት ናቸው የለወጡት። የሚፈላው ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ቅዝቃዜ አማርኛ የሚመጥን ቃል አለው። «ብርድ» ከግዕዙ በረድ ጋር አንድ ሥር ነው፤ በዓረብኛም «በርድ» ቅዝቃዜ፣ በዕብራይስጥ «ባራድ» የበረዶ ውሽንፍር ነው። ይህ የሰማይ ብርድ ነው፣ ጋቢ ይመልሰዋል። «ቁር» ግን ሌላ ነው፤ በግዕዝ ቍር፣ በዕብራይስጥ «ቆር»፣ በዓረብኛ «ቁር»። አጥንት የሚሰብረውን ቅዝቃዜ የምንጠራበት ስለሆነ፣ ስለ ፈሳሽ ናይትሮጅን ስጽፍ የምመርጠው እሱን ነው።

በዚህ ቁር ጫፍ ላይ ነው የኮምፒውተር ፍጥነት ተወዳዳሪዎች የሚሠሩት። ድርጊቱን «ኦቨርክሎኪንግ» ይሉታል። ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው፤ አራት ጊጋኸርዝ ማለት በሰከንድ አራት ቢሊዮን ምት ነው። ምቱን ከፋብሪካው ልክ በላይ ለማፋጠን ቮልቴጅ መጨመር ያስፈልጋል፤ ቮልቴጅ ሲጨምር ሙቀቱ ይበረታል፣ አጓጉል የሚያፈተልከው ኤሌክትሪክም ይበዛል። ቁሩ ሁለቱንም ይገታል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ላይ ጠባብ የመዳብ ዕቃ ያስሩና ፈሳሹን ከፔርሙዝ በጥቂት በጥቂቱ ያንቆረቁራሉ። በዙሪያው ያለው እርጥበት በረዶ ሠርቶ፣ ሲቀልጥም ሰርኪቱን እንዳያቃጥለው ሰሌዳውን ቫዝሊን ይቀቡታል። በ2014 እ.ኤ.አ. አራት ጊጋኸርዝ ሆኖ የተሠራ ኤ.ኤም.ዲ ኤፍኤክስ-8370 ፕሮሰሰር በፈሳሽ ናይትሮጅን 8.72 ጊጋኸርዝ ደርሷል። 9 ጊጋኸርዝ የታለፈው በኋላ፣ ከዚህም በሚብስ ቁር፣ በፈሳሽ ሂሊየም ነው።

በ«ኦቨርክሎኪንግ» ውስጥ ያለው «ክሎክ» የመጣው በመካከለኛው ዘመን ላቲን «ክሎካ» ከሚባለው ነው፤ ደወል ማለት ነው። የአየርላንድ መነኮሳት የእጅ ደወላቸውን ይዘው ለስብከት በአውሮፓ ሲዘዋወሩ ቃሉን እንዳስፋፉት ይታመናል። ሰዓት በደወል ይታወቅ ስለነበር ደወሉ ራሱ ሰዓት ተባለ።

«ኮምፒውተር»ስ? «ፑታሬ» በላቲን መጀመሪያ የወይን ሐረግ መግረዝ፣ ማጥራት ነበር፤ ቀጥሎ ሒሳብ ማጥራት ሆነ። ከዚያ «ኮምፑቱስ» ወጣ። ኮምፑቱስ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን የፋሲካን ቀን የምታወጣበት የቁጥር ትምህርት ነው፤ በእኛ ባሕረ ሐሳብ መሆኑ ነው። ይህን ሳይ እጅግ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም «ሐሳብ» በግዕዝ ቁጥር ነው፣ ሐሰበ ማለትም ቆጠረ ነው፤ ከዚሁ ሥር ዓረቦች ኮምፒውተርን «ሓሱብ»፣ ዕብራውያን «ማሕሼቭ» ብለውታል። የእኛም መምህራን መሣሪያውን ከባሕረ ሐሳብ ቢሰይሙት ኖሮ ባዕድ ባልሆነ ነበር።

በእኛ አገር ግን ፈሳሽ ናይትሮጅን የታወቀው በላም በኩል ነው። ቃሊቲ ያለው የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል የኮርማ አባለዘር በቀጫጭን ስትሮ እየሞላ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ያቆያል። ስትሮው ከቁሩ ወጥቶ በ35 ዲግሪ ገደማ ለብ ባለ ውሃ ለአጭር ጊዜ ሲነከር የተኛው ዘር ይነቃል። ላቮዋዚዬ ሕይወት አልባ ያለው ጋዝ ለዓመታት የሕይወት ጠባቂ ሆኖ ይኖራል። የሚጨነቀው አዳቃዩ ነው፤ ፈሳሹ፣ የያዘው ዕቃ ክዳን ቢገጠምም፣ ቀን ከሌት ይተናል፣ የደቡብ ኦሞዋ ጂንካም ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ዕቃው ከጎደለና ሳይሞላ ከቆየ ዘሩ ይሞታል።

ደቡብ ኦሞ ላይ ይህ የከብት ጉዳይ የቃላት ጉዳይም ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ተርተን በ1980 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው ሙርሲዎች ቀለምን የሚጠሩባቸው ቃላት የከብት ቀለም ስሞች ናቸው። ጃፓናዊው ካትሱዮሺ ፉኩይም ቦዲዎች የከብቶቻቸውን መልክና ዝንጉርጉርነት እጅግ በረቀቀ ሁኔታ እንደሚሰይሙ፣ ከብቱንም በመልኩ እየመረጡ እንደሚያራቡ አሳይቷል። ከቃሊቲ ከሚወጡት ዘሮች ዋነኞቹ ሆልስቲንና ጀርሲ ናቸው። ዕቃው እስከ ቆላው ከዘለቀ ከጥጃው ጋር አዲስ መልክ፣ ከመልኩም ጋር አዲስ ስም መምጣቱ አይቀርም። አማርኛ ራሱ ይህን አይቷል፤ «ዲቃላ» ለሰው ስድብ ሆኖ ሳለ ላሟ ዲቃላ ስትባል ዋጋዋ ይጨምራል።

ስለዚህ በጂንካ ዩኒቨርሲቲ ለምታስተምሩ፣ በየወረዳው ለምትዞሩ አዳቃዮችም አንድ ልመና አለኝ። ዕቃው ተከፍቶ ነጭ ጉሙ ሲወጣ ባለከብቱ በኣሪኛ፣ በሐመርኛ፣ በሙርሲኛ ምን ብሎ እንደጠራው ስሙና ጻፉት፤ ቀኑንና ቀበሌውንም ጨምሩ። የናጥሩንን መንገድ ዛሬ መከተል የቻልነው በየአገሩ የጻፈ ሰው ስለነበር ነው።