ፋታ የለሽ የሚጥል ጥቃት

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲጥለው መንዘፍዘፉ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። አልቆም ያለው ግን ሌላ ስም አለው፤ ሐኪሞች «ስታተስ ኤፒለፕቲከስ» ይሉታል። ላቲኑ «የሚጥል በሽታ ሁኔታ» ከማለት ስለማያልፍ፣ በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በለንደን በአረጋውያን እንክብካቤ ለሚሠሩ ወገኖቻችን ምኑን መከታተል እንዳለባቸው አይነግራቸውም። በአማርኛ «ፋታ የለሽ የሚጥል ጥቃት» ብንለው ይሻላል።

ፋታ ማለቴ በምክንያት ነው። የሚያንዘፈዝፈው ጥቃት በሁለት መልክ ይመጣል፤ ወይ መንዘፍዘፉ 5 ደቂቃ አልፎት ይቀጥላል፣ ወይ ከቆመ በኋላ ሰውየው ሳይነቃ እንደገና ይጀምረዋል። ሁለተኛው ያዘናጋል። ሰውነቱ ጸጥ ሲል «ተመስገን፣ አለፈለት» ተብሎ ዞር ይባላል፤ ሕመምተኛው ግን ገና ራሱን አላወቀም።

ቀድሞ መለኪያው 30 ደቂቃ ነበር። ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ መከላከያ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረገው ትርጓሜ ሁለቱን ጊዜያት ለያቸው፦ መላ ሰውነትን በሚያንዘፈዝፈው ጥቃት 5 ደቂቃ ሕክምና የሚጀመርበት፣ 30 ደቂቃ ደግሞ አንጎል ላይ ዘላቂ ጉዳት ሊደርስ የሚችልበት ነው። ጥድፊያው ከመድኃኒቱም ጠባይ ይመጣል። ዳያዜፓምና ሚዳዞላም የሚሠሩባቸው ተቀባዮች ጥቃቱ በረዘመ ቁጥር ከነርቭ ሴሉ ገጽ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ቶሎ ቢሰጥ የሚያስቆመው መጠን ሲዘገይ ላይበቃ ይችላል።

ስለዚህ ተንከባካቢ በቅድሚያ ሰዓቱን ይይዛል፤ ለተመልካች ግማሽ ደቂቃም ዘላለም ስለሚመስል ግምት አይታመንም። ከሕመምተኛው ራስ ሥር ለስላሳ ነገር ያደርጋል፣ መንዘፍዘፉ ሲቆም በጎኑ ያስተኛዋል። ማንኪያ አፍ ውስጥ መክተት፣ እጅና እግር ጨምድዶ መያዝ ጉዳት ነው። የለመድነው የክብሪት ጭስም ጥቃቱን አያቆምም፤ ክብሪት ፍለጋ የሚጠፋው ጊዜ ደግሞ ከዚያችው 5 ደቂቃ ላይ ነው የሚቀነሰው። እንግሊዝ አገር የሠለጠነ ሠራተኛ፣ ለዚያ ሕመምተኛ በተጻፈው ዕቅድ መሠረት፣ ሚዳዞላምን በድድና በጉንጩ መካከል ይሰጣል። 5 ደቂቃ ካለፈና ዕቅዱ ሌላ ካላዘዘ አምቡላንስ ይጠራል።

«መንቀጥቀጥ» የሚለውን ቃል ከስያሜው ያስቀረሁት አንዳንዱ ፋታ የለሽ ጥቃት ጭራሽ ስለማያንቀጠቅጥ ነው። አዛውንቱ ይፈዛሉ፣ ይደነጋገራሉ፣ አንዳንዴ የዓይናቸው ቆብ ብቻ ይርገበገባል። በቀላሉ «እርጅና ነው» ይባላል። የሚያረጋግጠው የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሳቸው ደግሞ ትናንት ደኅና ሲያወሩ የነበሩት ዛሬ በድንገት መፍዘዛቸውን ለነርሷ ከነሰዓቱ የሚነግር ሠራተኛ ነው።