ጓሳ ሲዘጋና ሲከፈት

መንዝ ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ውርጫማ ደጋ ነው። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። በሣሩ ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ እረኛ ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳም ይሠራል። ገብሱ በውርጭ በተመታበት፣ ዝናብም በጠፋበት ዓመት ከብት ነፍሱን የሚያቆየው በዚሁ ሣር ነው። ሁሉም የሚፈልገው፣ አጥር የሌለው እንዲህ ያለ ሀብት ከ17ኛው መቶ ዘመን እስከ 1967 ዓ.ም. የዘለቀው ቄሮ በሚባል የጥበቃ ሥርዓት ነው።

ትውፊቱ የሚጀምረው አስቦና ጌራ ከተባሉ አቅኚ አባቶች ነው። ሁለቱ አገሩን በፈረስ ግልቢያ ተወዳድረው እንደተካፈሉት ይነገራል። ዘሮቻቸው ጓሳን ለሁለት ከፍለው ያዙ፤ በየወገናቸውም አፈሮ ወይም አባ ቄራ የሚባሉ አለቆች መረጡ።

ሕጉ አጭር ነበር። ጓሳ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ማጨድም ማሰማራትም ክልክል ነው። ሣሩ መድረሱ ሲታይ አለቆቹ መክረው ቀን ይቆርጣሉ፣ ቀኑም በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል። በጋው ሲጠና ሣሩ ይታጨዳል፣ ከዚያ ከብት ይገባል። ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሰውም ከብትም ለቆ ይወጣል። ጾሙ የሚፈታበትን ቀን የማያውቅ መንዜ ስለሌለ “አልሰማሁም” የሚል ሰበብ አይሠራም ነበር።

ጥበቃውም የባለድርሻው የራሱ ሥራ ነበር። አባወራው በተራው ይወጣል፤ ተራውን የዘለለም ሣር እንደሰረቀው ሁሉ ይቀጣል። ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት ቅጣቱ ከድብደባ አልፎ ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ ነበር።

ሥርዓቱ ጨካኝ ብቻ ሳይሆን አድሏዊም ነበር። ትውልዱን ከአስቦ ወይም ከጌራ መቁጠር ያልቻለ ሰው እዚያው ተወልዶ ቢያድግም ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገውን አዋጅ ሲያውጅ፣ ድርሻ ለሌላቸው ሰዎች ዘመናት የቆየ በደል ተነሣላቸው። ርስት ሲቀር ግን በርስት ላይ የቆመው ቄሮም አብሮ ቀረ።

ጓሳ በዙሪያው ባሉት የገበሬ ማኅበራት እጅ ገባ። በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል እንደነበሩት የገበሬ ማኅበራት እነዚህም ግብር መሰብሰብ፣ የእህል ኮታ ማሟላት፣ ወጣት ለውትድርና መመልመል ነበረባቸው፤ የጓሳ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ኋላ የሚመጣ ነበር። ባለቤቱ ብዙ ሆነ፤ የመክፈቻና የመዝጊያ ቀን የሚቆርጥ ግን ጠፋ። ሣሩ ሳይደርስ መታጨድ ጀመረ፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ ተመነጠረ፣ ዳር ዳሩም ታረሰ። ዛሬ ያላጨደ ነገ ጎረቤቱ አጭዶት ስለሚያገኘው፣ ደንብ አክባሪው ባዶ እጁን ይቀራል። የቄሮን ዱላ ያልወደደ ሁሉ የቄሮን ቀጠሮ መናፈቁ አይገርምም።

ነገሩ የመንዝ ብቻ አይደለም። በስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ያለችው ቶርበል መንደር እ.ኤ.አ. በ1517 በጻፈችው ደንብ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልባቸው ከሚችለው በላይ ላሞች ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳይልክ ከልክላለች። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት እንዲህ ያሉ ማኅበረሰቦች የጋራ ሀብታቸውን እንዴት እንዳቆዩ መርምረው ነው። ደንቡን የሚያወጡት ተጠቃሚዎቹ መሆናቸውን፣ ጠባቂውም ለእነሱ ተጠያቂ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል።

ጓሳም ወደዚያው ነው የተመለሰው። ከየገበሬ ማኅበሩ የተውጣጣ የጓሳ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የመዝጋትና የመክፈት ልማድም ተመለሰ። የትውልድ ቆጠራው ግን አልተመለሰም፤ አሁን መብት የሚሰጠው በዙሪያው ነዋሪ መሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ክልል ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ ደነገገው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ይህ ደጋ ዛሬ የክልል ሕግ አለው፤ የዱሮው ቄሮ ሕጉን ያጻፈበት ወረቀት አልነበረውም። ሌሊት በብርድ ወጥቶ ሣሩን የሚጠብቀው ግን ዛሬም ከዚያው ከአካባቢው የተመደበ ሰው ነው።