አዝማሪ ሲያረጅ፦ ከሞጣና ቢቸና እስከ ሚሲሲፒ

“አዝማሪ” የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የምናያይዘው ከጠጅ ቤት ጋር ነው። ሥሩ ግን “ዘመረ” የሚለው የግእዝ ግስ ነው። “መዝሙር”ም የወጣው ከዚያው ነው። እሑድ ጠዋት የምንዘምረውና ቅዳሜ ማታ በማሲንቆ የሚዘፈነው በስም ወንድማማች ናቸው። ይህን ሳነሣ ፊታቸው የሚጠቁር ወገኖች አሉ፤ ቃሉ ግን ያው ነው።

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በቅኔ አገር ነው። ቢቸና አጠገብ በሊቃውንቱ የታወቀው ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ሊቁ በግእዝ ሰምና ወርቅ ሲቀኝ፣ አዝማሪው በአማርኛ ያንኑ ያደርጋል። መሣሪያው በቆዳ የተለበጠ ሣጥን፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክርና ደጋን ነው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ባለሙያዎቹ እርስ በርስ የሚግባቡበት የራሳቸው ቋንቋ እንኳ አላቸው። ታዳሚው “ተቀበል!” ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ጌታውን ያወድሳል፤ በወርቁ ደግሞ ይወጋዋል። ሰው ለሠርጉ ይጠራዋል፤ ልጁን ግን ለአዝማሪ መዳር አይወድም።

የአዝማሪን ጉልበት ከእኛ ይልቅ ጠላት ቀድሞ አውቆታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተጣለበት በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችና ዘዋሪ አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። ጋዜጣ በማይደርስበት ገጠር ወሬ የሚያደርሰው፣ ልብ የሚያነሣሣው አዝማሪ ነበርና። በላይ ዘለቀ በተዋጋበት በጎጃም ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም።

ትዝታን የሰሙ የውጭ ሰዎች ብዙ ጊዜ “ይህማ ብሉዝ ነው” ይላሉ። ብሉዝ የጥቁር አሜሪካውያን የኀዘን ዘፈን ነው፤ እዚያም አንድ ድምፅና አንድ መሣሪያ ይመላለሳሉ፤ ዘፋኙም በቤተ ክርስቲያን ዘንድ የተናቀ ነበር። ቶማስ ዶርሲ የሰባኪ ልጅ ሆኖ በጭፈራ ቤት ፒያኖ ይጫወት ነበር። በ1932 እ.ኤ.አ. ሚስቱ በወሊድ ሞተች፤ ሕፃኑም ተከተላት። ከዚያ ኀዘን የወጣው መዝሙር ዛሬ በዓለም ሁሉ ይዘመራል። ሆኖም መዝሙሮቹ የጭፈራ ቤት ይሸታሉ ብለው በራቸውን የዘጉበት አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ነበሩ። እኔ በጠጅ ቤት የሚባለውን ሁሉ አልባርክም፤ ማሲንቆው ግን ምን አጠፋ? ዳዊትም ለሳኦል የደረደረው ክር ያለው መሣሪያ ነው።

ሳን ሃውስ ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። በሚሲሲፒ በወጣትነቱ ሰባኪ ነበር፤ ኋላ ጊታር አነሣ፤ ዕድሜ ልኩንም በመድረኩና በመጠጥ ቤቱ መካከል ሲንገላታ ኖረ። በ1964 እ.ኤ.አ. ወጣቶች ፈልገው ሮቸስተር ከተማ ሲያገኙት ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ጊታር መጫወት ከተወ ቆይቷል። ያን ጊዜ አል ዊልሰን የተባለ ወጣት አጠገቡ ተቀምጦ፣ ሽማግሌው ራሱ በ1930 ያስቀረጻቸውን ዘፈኖች መልሶ አስተማረው። ሳን ሃውስ ከዚያ በኋላ በትልልቅ መድረኮች ተጫውቷል፤ እስከ 1988ም ኖሯል።

የእኛ አዝማሪ ሲያረጅ ጡረታ የለውም። ጣቱ ይደርቃል፤ ድምፁ ይሰበራል፤ ሠርጉን ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ ወስደውበታል። ማሲንቆ አዲስ አበባ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ይህ ደስ ያሰኛል። የሞጣና የቢቸና ሽማግሌ ግን ትምህርት ቤቱ ቤቱ ነበር፤ ተማሪውም ልጁ። ልጁ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል።