ውታፍ፦ ከብጉር በፊት ያለው

የቆዳ ሐኪሞች «ኮሜዶን» የሚሉትን በአማርኛ «ውታፍ» ብንለው ያስኬዳል። ጸጉር በሚበቅልበት ጥቃቅን የቆዳ ቀዳዳ ውስጥ የሞቱ ሕዋሳት ከወዝ ጋር ተጣብቀው፣ የእንስራ አፍ በጨርቅ እንደሚወተፍ፣ መውጫውን ሲደፍኑት የሚፈጠረው ነው። የላቲኑ ቃል «ሆዳም» ማለት ሲሆን ቀድሞ ለትል ይሰጥ ነበር፤ ተጨምቆ የሚወጣው ነጭ ነገር ትል ይመስላላ!

የውታፉ አፍ ክፍት ከሆነ ጫፉ ይጠቁራል። ጥቁረቱ እድፍ ስላልሆነ በሳሙና ቢፈትጉት አይለቅም፤ ቆዳው ይቆጣል እንጂ። አፉ ዝግ ከሆነ ወዝ ከበስተኋላው ይጠራቀማል፣ ባክቴሪያ ይራባል፣ ቀልቶ ወይም መግል ቋጥሮ የምናየው ብጉር ይከተላል። ውታፉ ግን በዓይን ከመታየቱ ሳምንታት በፊት መበጀት ጀምሯል።

ሬቲኖይድ የሚባሉት ቅባቶች፣ ትሬቲኖይንና አዳፓሊን፣ የሚሠሩት እዚያው ሥሩ ላይ ነው፤ ሕዋሳቱ እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ። እዚህ ላይ «ውታፍ ነቃይ» ስድብ አይደለም፣ ሙያ ነው። ስለዚህ የወጣውን ብጉር ብቻ እየመረጡ መቀባት ከንቱ ድካም ነው፤ አተር የምታህል ቅባት ማታ ማታ ብጉር በሚወጣበት የፊት ክፍል ሁሉ ላይ ስስ ተደርጋ ትቀባለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳ ይደርቃል፣ ይላላጣል፤ ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት ያኔ ነው። ውጤቱ የሚለካው ግን 12 ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ሬቲኖይድ አትቀባም። አሜሪካ ውስጥ 0.1 በመቶ አዳፓሊን ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ተፈቅዷል።

ከ0.5 እስከ 2 በመቶ የሚዘጋጀው ሳሊሲሊክ አሲድም ውታፉን ያላላል፣ ጉልበቱ ግን ለዘብ ይላል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ዋና ሥራው ባክቴሪያውን መግደል ነው። 2.5 በመቶው ከ10 በመቶው ብዙም አያንስም፣ ማቃጠሉ ግን ይቀንሳል፤ ባለ ቀለም ፎጣና የትራስ ልብስ እንደሚያነጣ አይርሱ። ክሊንዳማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ብቻውን ከተቀቡት ባክቴሪያው ይለምደዋል፤ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ሲሆን ይሻላል።

እንደኛ ባለ ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ብጉር ጠፍቶም ጥቁር ምልክቱ ይቀራል። አዜላይክ አሲድ ለሁለቱም ይረዳል። ምልክቱን ለማጥፋት ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል ያለበት የማቅያ ክሬም መቀባት ግን ራሱ ብጉር ያመጣል። ግንባራቸው ላይ ብቻ የሚወጣባቸው ሰዎች ደግሞ የጸጉር ቅባታቸውን ይጠርጥሩ። ማሸጊያ ላይ «ኖን ኮሜዶጀኒክ» የሚለው «ውታፍ እንዳይፈጥር የተዘጋጀ» ለማለት ነው።

እብጠቱ ጠንካራ፣ የሚያምና ጠባሳ የሚተው ከሆነ ቅባት ብቻውን አይበቃም፤ ሳያፈርጡት የቆዳ ሐኪም ያሳዩ።