ኮዳክሮም፦ የአንድ ፊልም ልደትና ፍጻሜ

በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት ፓርሰንስ የምትባል፣ የነዋሪዎቿ ቁጥር 10,000 ገደማ የሆነ አነስተኛ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የመጨረሻ ሳምንታት ወደዚህች ከተማ በፖስታም በሰው እጅም የሚጎርፈው የፊልም ጥቅል እጅግ ብዙ ነበር። ድዌይንስ ፎቶ የተባለው የከተማይቱ የፊልም ማጠቢያ ቤት ኮዳክሮምን በማጠብ ረገድ በዓለም ላይ ብቸኛው ሆኖ ቀርቶ ነበርና፣ እርሱም ከዲሴምበር 30 ቀን በኋላ የሚመጣ ጥቅል እንደማይቀበል አስታውቆ ነበር። አንድ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ከአርካንሳስ መኪናውን እየነዳ መጥቶ ያሳጠባቸውን 1,580 ጥቅሎች ተረከበ፤ የከፈለውም 15,798 ዶላር ነበር። ሰዎችን ለዚህን ያህል ድካምና ወጪ ያበቃቸው ምን እንደሆነ ለመረዳት የፊልሙን ታሪክ ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል።

ኮዳክሮም የሁለት ሙዚቀኞች የፈጠራ ውጤት ነው። ሊዮፖልድ ማንስ ፒያኖ፣ የታዋቂው ፒያኖ ተጫዋች ልጅ ሊዮፖልድ ጎዶውስኪ ደግሞ ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር። ሁለቱም ከተማሪነታቸው ጊዜ ጀምሮ በቀለም ፎቶግራፍ ምርምር ተጠምደው ከቆዩ በኋላ፣ በ1930 ኮዳክ ኩባንያ በሮቼስተር ከተማ በሚገኘው የምርምር ቤቱ ተቀበላቸው። በጨለማው ክፍል ውስጥ ሰዓት ማየት ስለማይቻል፣ ፊልሙ በኬሚካሉ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ የብራምስን ሙዚቃ በተመጠነ ፍጥነት እያፏጩ ይለኩ እንደነበር ይነገራል። የድካማቸው ፍሬ በ1935 ለሲኒማ ካሜራ በ16 ሚሊ ሜትር፣ በ1936 ለፎቶግራፍ ካሜራ በ35 ሚሊ ሜትር ስፋት ለገበያ ቀረበ።

የፊልሙን ዕጣ አስቀድሞ የወሰነው አሠራሩ ነው። ከእርሱ በኋላ በተስፋፉት የቀለም ፊልሞች ቀለም የሚፈጥሩት ውሑዶች በፋብሪካ ውስጥ ከፊልሙ ጋር አብረው ይሠራሉ፤ ስለዚህ አጣቢው በአንድ ቀለም አውጪ ኬሚካል ሦስቱንም ቀለማት በአንድ ጊዜ ያወጣቸዋል። ኮዳክሮም ግን በመሠረቱ ባለ ሦስት ድርብ የጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ድርቦቹ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃንን ለየብቻ ይመዘግባሉ እንጂ ቀለም የሚሆን ነገር በውስጣቸው የለም። ቀለሙ የሚገባው ፊልሙ በሚታጠብበት ጊዜ ነው፤ ያውም ለየድርቡ በተለየ ኬሚካል። በመጀመሪያ የጥቁርና ነጭ ምስል ይወጣል። ቀጥሎ ፊልሙ ከሥር በቀይ ብርሃን ተመትቶ የታችኛው ድርብ፣ ከላይ በሰማያዊ ብርሃን ተመትቶ የላይኛው ድርብ፣ በመጨረሻም በኬሚካል ኃይል መካከለኛው ድርብ ይቀለማል፤ ከዚያም ብሩ በሙሉ ተወግዶ ቀለሙ ብቻ ይቀራል። በዚህ ሂደት የሙቀቱ መጠን ወይም የኬሚካሉ ቅንብር ጥቂት ቢዛነፍ የቀለማቱ ሚዛን ይፈርሳል። ስለዚህም ሥራው ትልቅ መሣሪያና ዘወትር የሚቆጣጠር የኬሚስትሪ ባለሙያ ይጠይቅ ነበር።

የዚህ ድካም ዋጋ ከፍ ያለ ነበር። የኮዳክሮም ምስል ጥርትና የቀለም ድምቀት የታወቀ ነው፤ በጨለማ ቦታ የተቀመጠ እንደሆነ ደግሞ ቀለሙ ከብዙዎቹ የዘመኑ ፊልሞች በተሻለ ሁኔታ ለአሥርተ ዓመታት ሳይደበዝዝ ይቆያል። የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በጁን 1985 በሽፋኑ ላይ ያወጣት አረንጓዴ ዓይን ያላት የአፍጋኒስታን ልጃገረድ የተነሣችው በዚሁ ፊልም ነው። ይሁን እንጂ የጥንካሬው ምንጭ የድካሙም ምንጭ ነበር። የጥቁርና ነጭ ፊልም ባለቤት በገዛ ቤቱ ጓዳ ፊልሙን ሊያጥብ ሲችል፣ የኮዳክሮም ባለቤት ግን የሩቅ ፋብሪካ ጥገኛ ነበር። እንዲያውም በአሜሪካ የማጠቢያው ዋጋ ከፊልሙ ዋጋ ጋር ተዳብሎ ይሸጥ ነበርና፣ ለሌሎች አጣቢዎች በሩ የተከፈተው በ1954 በተደረገ የፍርድ ቤት ስምምነት ነው።

ከዚያ በኋላ ለማጠብ የሚቀልሉ ፊልሞች ተስፋፉ። በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሶን ያለ ፊልም የሚሠራ ዲጂታል ካሜራ ሠራ፤ ውሎ አድሮም ይህ ዓይነቱ ካሜራ ገበያውን ወረሰ። በጁን 22 ቀን 2009 ኮዳክ የኮዳክሮምን ምርት ማቆሙን ሲያስታውቅ፣ ፊልሙ ከኩባንያው የፎቶግራፍ ፊልም ሽያጭ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም ነበር። ከመጨረሻው ምርት አንዱ ጥቅል፣ 36 ምስል የሚይዘው፣ የአፍጋኒስታኗን ልጃገረድ ላነሣው ለስቲቭ መከሪ ተሰጠ።

ፊልም ወዳጆች የሚወዱት ፊልም ሲቋረጥ ብዙ ጥቅል ገዝተው በማቀዝቀዣ ውስጥ ማከማቸት ልማዳቸው ነው። ለኮዳክሮም ግን ይህ ዘዴ አላዋጣም። ጥቅሉ በብርድ ቢጠበቅም የሚያጥበው ቤትና ኬሚካሉ አልተጠበቁም። ስለዚህ ትክክለኛው ብልሃት ማስቀመጥ ሳይሆን ቶሎ መጠቀም ሆነ፤ «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ። በየመሳቢያው ተረስተው የነበሩ ጥቅሎች ወደ ፓርሰንስ የጎረፉትም ስለዚሁ ነው። ቀኑ ያለፈባቸው በጥቁርና ነጭ ምስል ብቻ ረኩ፤ ጥቂት ሰዎች በግል ሙከራ ቀለም ለማውጣት ቢጥሩም፣ ሥራው ወደ መደበኛ አገልግሎት አልተመለሰም።

የሌላው የኮዳክ ፊልም የኤክታክሮም ዕጣ ከዚህ ይለያል። እርሱም በ2012 ተቋርጦ ነበር፤ ነገር ግን በ2018 እንደገና ተሠርቶ ለገበያ ቀረበ። ዳግም ማምረቱ ቀላል ሥራ ባይሆንም፣ ሌሎች ፊልሞች የሚጋሩት የማጠቢያ ዘዴው በልዩ ልዩ አገሮች በሥራ ላይ ስለነበረ፣ የተመለሰው ፊልም የሚታጠብበትን ቤት አላጣም።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት ለማንኛውም የምሕንድስና ሥራ የሚጠቅም ነው። አንድ ዕቃ በጥራቱ የቱንም ያህል ቢመሰገን፣ አገልግሎቱ በአንድ ቤት፣ በአንድ ኬሚካልና በጥቂት ባለሙያዎች እጅ ብቻ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ የዚያ ቤት በር የተዘጋ ዕለት ዕቃውም አብሮ ያበቃል። በኮዳክሮም የተነሡት ሥዕሎች ዛሬም በጨለማ ሣጥኖቻቸው ውስጥ እንደ ደመቁ አሉ። ያ ድምቀት የተገኘበት ጥበብ ግን የመጨረሻው የማጠቢያ መሣሪያ ሲቆም ከሥራ ወጥቷል።