የዘፈን ለዛ ከሸክላው ነውን?

በሸክላ የተቀረጸ ዘፈን ልብ የሚያሞቅ ለዛ አለው፤ በቁጥር ተለውጦ የሚቀመጠው ዲጂታል ድምፅ ግን ጥራት እንጂ ሙቀት የለውም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገሩ የሙዚቃ ወዳጆች ጨዋታ ብቻ ይመስላል። ዳሩ ግን ያለፉትን ድምፃውያን ድምፅ ለልጆቻችን በምን እንደምናቆይ የሚወስን ክርክር ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ከሥሩ መመርመር ይገባናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን በ1877 የሰውን ድምፅ ቀርጾ መልሶ የሚያሰማ መሣሪያ ሠራ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ በጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ኤሚል በርሊነር ጠፍጣፋውንና ክቡን ሰሌዳ አመጣ። የአሠራሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። ድምፅ አየርን ያናውጣል፤ የአየሩ ንዝረት መርፌን ያወዛውዛል፤ መርፌውም የንዝረቱን መልክ በሰሌዳው ላይ እንደ ቀጭን ቦይ ይቆፍራል። ሌላ መርፌ በዚያው ቦይ ሲሄድ ያው ንዝረት ይመለሳል። በ1948 የኮሎምቢያ ኩባንያ በደቂቃ 33 ዙር ከሢሶ የሚዞረውን የቪኒል ሸክላ ባወጣ ጊዜ፣ በአንድ ገጽ 20 ደቂቃ ያህል ሙዚቃ ለመስማት ተቻለ።

የሶኒና የፊሊፕስ ኩባንያዎች ያዘጋጁት ሲዲ በ1982 ለገበያ ሲቀርብ ግን መንገዱ ተለወጠ። በዚህ አሠራር ንዝረቱ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልክ ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘገባል። ተቺዎች በአንዱ ልክና በሌላው መካከል ያለው ድምፅ ይጠፋል ይላሉ። ነገር ግን ክሎድ ሻነን በ1949 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ልኬቱ ከከፍተኛው ንዝረት እጥፍ ከበለጠ ዋናው ንዝረት ሳይጓደል ሊመለስ ይችላል። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20,000 ገደማ የሚደርሰውን ንዝረት ስለ ሆነ፣ ልኬቱ ይበቃዋል።

ታዲያ ለዛው ከየት መጣ? ሸክላ ወፍራሙን ድምፅ እንዳለ ሊይዝ አይችልም፤ ቦዩ እጅግ እንዳይሰፋ ሲቀረጽ ይቀነሳል፣ ሲሰማ በመሣሪያ ይመለሳል። መርፌው ወደ መሐል በቀረበ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል፤ አቧራውም ይንጫጫል። እነዚህ ጉድለቶች ተደምረው ጆሮ የሚወደውን ልስላሴ ይሰጣሉ። በእንስራ የተቀዳ ውሃ የሸክላውን ጠረን ይይዛል፤ ጠጪውም ይወደዋል፤ ጠረኑ ግን የእንስራው እንጂ የምንጩ አይደለም።

ተቺዎቹ ያለ ምክንያት አልተነሡም። በመጀመሪያው ዘመን ለሸክላ ተብለው የተዘጋጁ የቴፕ ክሮች እንዳሉ ወደ ሲዲ ይገለበጡ ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ዘፈኑ ጎልቶ እንዲሰማ ሲባል የድምፁ ከፍታና ዝቅታ ተደፍጥጧል። ይህ ግን የሠሪው እጅ ጥፋት ነው እንጂ የቁጥሩ አይደለም። ለዚህም ምስክር አለ። የጥራት አዋቂዎች ያመሰግኗቸው ከነበሩት ከአሜሪካው የሞባይል ፊዴሊቲ ኩባንያ ሸክላዎች ብዙዎቹ፣ ከመታተማቸው በፊት በዲጂታል ቅጂ እንዳለፉ በ2022 ታወቀ። ለዓመታት የሸክላ ሙቀት እየተባለ የተደነቀው፣ በቁጥር ውስጥ ያለፈ ድምፅ ኖሯል።

የአገራችንም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ አቶ አምሃ እሸቴ በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በድፍረት አሳተሙ፤ እስከ 1975 ድረስም ከ100 የሚበልጡ ነጠላ ሸክላዎችን አወጡ። የዚያን ዘመን ሙዚቃ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሲዲ ለዓለም አሰማው። የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ በ2005 በአሜሪካ ፊልም ውስጥ የተሰማውም ከዚህ በኋላ ነው። ሸክላውን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ አማርኛም የማይሰማ ሰው በእነዚህ ዜማዎች ልቡ ተነክቷል። እንግዲህ ቁጥሩ ሙቀቱን አላቀዘቀዘውም ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ሸክላውን እንጣለው ማለት አይደለም። ሸክላ በተሰማ ቁጥር ይለበሳል፤ ዲጂታሉ ቅጂ አይለበስም፤ ነገር ግን ማጫወቻው ዘመኑ ሲያልፍ ወይም ማስቀመጫው ሲበላሽ ድምፁ ከነሙሉው ሊጠፋ ይችላል። ቅጂውንም የሚሠራ ሰው የአቧራውን ጩኸት አጠፋለሁ ብሎ እጅግ ቢያጥበው፣ የዘፋኙን ትንፋሽ አብሮ ያጥበዋል። ስለዚህ በቤቱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ መጋዘን አሮጌ ሸክላ ያለው ሁሉ፣ ሳይዘገይ በጥንቃቄ ያስገልብጠው፤ ቅጂውን ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ ያኑረው፤ ዋናውንም ከሙቀትና ከአቧራ ጠብቆ ያቆየው። ለዛው የዘፋኙ ነው፤ አደራው ግን የእኛ ነው።