ሙላት፣ ሙሌት፣ ፍሰት

ክረምት በገባ ቁጥር ስለ ዓባይ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ሞላ ወይ?» ግሱ የግዕዙ «መልአ» ነው፤ አማርኛ «አ»ን ውጦ «ሞላ» አድርጎታል። ከእሱ ሁለት ስሞች ተወልደዋል። «ሙላት» ወንዙ ራሱ የሚሆነው ነው፤ ዝናብ ያመጣዋል፣ በጋ ይወስደዋል። «ሙሌት» ግን ሠሪ ይፈልጋል፤ የጥርስ ሙሌት፣ የአፈር ሙሌት እንደምንለው። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ውሃ መያዝ ሲጀምር ዜናው «የመጀመሪያ ዙር ሙሌት» ያለው በትክክል ነው።

«ወንዝ» ራሱ ከመሙላት ይልቅ ወደ መሄድ ያደላል። ሥሩ ግዕዙ «ውሕዘ»፣ ማለትም «ፈሰሰ»፣ ነው፤ «ሐ» ጠፍታ «ን» ገብታበታለች። ሌላው የወንዝ የግዕዝ ስም «ፈለግ» ነበር። ዛሬ በአማርኛ «ፈለጉን ተከተለ» ስንል ውሃው ጠፍቶ የቀረው ዱካው ነው። «ዓባይ» ደግሞ «ዐብየ» ከሚለው፣ «ታላቅ ሆነ» ከሚል ግስ የመጣ ነው፤ ዐቢይ ለወንድ፣ ዐባይ ለሴት። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለው ተረት ስሙን እንደ ፈታው ነው። «ዋሾ» ማለት የሆነው «አባይ» ግን ከ«አበለ» የወጣ ሌላ ቃል ነው፤ ዝምድና የላቸውም።

ታች ግብፅ ውስጥ ሙላቱ በክንድ ይለካ ነበር። በካይሮ ሮዳ ደሴት በ861 እ.ኤ.አ. የታነጸው መለኪያ ስሙ በዓረብኛ «ሚቅያስ» ነው፤ መስፈሪያው «ዚራዕ»፣ ክንድ፣ ነው። የግዕዙ «መዝራዕት» ዘመዱ ነው። ውሃው 16 ክንድ ሲደርስ ዓመቱ ጥጋብ ነው ተብሎ ግብር ይወሰን ነበር።

ክንድ ግን ከፍታን እንጂ ፍሰትን አይናገርም። «ፍሰት» የ«ፈሰሰ» ልጅ ነው። ባለሙያ የሚያገኘው የወንዙን መስቀለኛ ስፋት በፍጥነቱ አባዝቶ ነው፤ መልሱም በሰከንድ ስንት ኪዩቢክ ሜትር የሚል ነው። ዓባይ በሱዳን ድንበር በአማካይ በዓመት 49 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ያህል ያሳልፋል፤ ግድቡ ከመሠራቱ በፊት አብዛኛው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነበር።

ድሮ ሙላትንና ፍሰትን መለየት ለአገሬው አያስፈልግም ነበር፤ ወንዙ ሲሞላ ፍሰቱም ይጨምራል፣ ሲጎድል ይቀንሳል። ግድብ ግን አለያያቸው። ከግድቡ በላይ ሐይቁ ሞልቶ፣ በታች የሚወርደውን ተርባይኑ ይወስናል። ስለዚህ «ዓባይ ሞላ» የሚል ዜና ያነበበ ሰው የት እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ በላይ ከሆነ ሙሌቱ፣ በታች ከሆነ ፍሰቱ ነው የሚነገረው።